ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ለሚላክ ሕፃን፦ መጀመሪያ ስልኩን

«ጤና ጣቢያችን፣ ወረዳው፣ አምቡላንሱና ሆስፒታሉ ለሕፃናት እንዴት ይቀናጁ?» ላልሽው፣ እህቴ፣ በስብሰባ አትጀምሪ። ከፈለገ ሕይወት ወይም ከጥበበ ግዮን ሆስፒታል የሕፃናት ድንገተኛ ክፍል አንድ የስልክ ቁጥር አስወስኚ። ቁጥሩ የክፍሉ ይሁን፣ የሰው አይሁን፤ ሰው ፈረቃ ይቀይራል፣ ፈቃድ ይወጣል።

ከዚያ፦

1. ሕፃኑ ከመነሳቱ በፊት ይደወል። ክብደቱ፣ የኦክስጅን መጠኑ፣ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ይነገር፤ ያው በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

2. አምቡላንሱን ማን እንደሚልክ፣ የነዳጁን ወጪ ማን እንደሚችል ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር በጽሑፍ ተፈራረሙ። ጠቡ ሁልጊዜ የሚነሳው ከነዳጅ ነው። በጀልባ የምታሻግሩ ከሆነ መኪናው ወደቡ ላይ ቀድሞ ይጠብቅ።

3. የዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ድንገተኛ ልየታ (በጠና የታመመውን ቀድሞ የመለየት) ሥልጠና ሲሰጥ የእናንተም የሆስፒታሉም ባለሙያዎች አንድ ላይ ይሠልጥኑ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። እኔ የስምንት ወር ሕፃን ይዤ በወጣሁበት ቀን የኦክስጅን ሲሊንደሩ ሙሉ ነበር፤ የአፍንጫ ቱቦው ግን የአዋቂ ብቻ። እስክንደርስ ድረስ በፕላስተር እያጣበቅሁ በእጄ ይዤው ሄድኩ። ሞተሩ ሳይነሳ የአምቡላንሱን የዕቃ ከረጢት ራስሽ ክፈቺው።