ታፕ እያደረጋችሁ ለምትልኩ፣ ከሐዋሳ

ታፕ ማለት ካርድ ወይም ስልክ ማሽን ላይ አስነክቶ መክፈል ነው። ይህን የምጽፈው ሐዋሳ፣ እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ለንደን ሃያ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ። በእነዚህ ዓመታት ስንቱን ከሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ተቀብያለሁ፣ ስንቱን እጁን ይዤ ባንክ ወስጃለሁ፣ ስንቱን ተቆጥቻለሁ። ዛሬም ልቆጣ ነው። ቁጣ የማይወድ እዚህ ላይ ያቁም።

1. ወረቀት

ቶሎ ጨርሱት። ቢአርፒ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ አብቅቷል፣ አሁን በኢንተርኔት የሚታይ ኢ-ቪዛ ነው፤ ስማችሁ በትክክል መጻፉን እዩ። በቃ።

2. ባንኩን ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ

የለንደን አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ያቆመው በ2014 ነው (የእንግሊዙን ነገር ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። አዲስ የመጣ ልጅ አስር ፓውንድ ዘርግቶ ሾፌሩ ፊት ሲገተር፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ ሲያጉረመርም ስንቴ አይቻለሁ። ካርድ ወይም ስልክ ነው የሚያስኬዳችሁ።

ስልኩ ደግሞ ብቻውን አይከፍልም። አይፎን ገዛሁ ማለት አፕል ፔይ፣ ማለትም በስልኩ መክፈያው፣ አለኝ ማለት አይደለም። ካርዱን ያወጣው ባንክ መፍቀድ አለበት። አፕል ፔይ እንግሊዝ የገባው በ2015 ነው፤ የኔ ባንክ ግን ከመጀመሪያዎቹ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቼ ስልካቸውን እያስነኩ ሲያልፉ እኔ ቦርሳዬን ስበረብር ወራት አለፉ። ዛሬ ትልልቆቹ ባንኮች ይፈቅዳሉ፤ አንዳንድ የቅድመ ክፍያ ካርድ ግን ስልክ ውስጥ አልገባም ይላል። "ካርዱ ስልክ ውስጥ ይገባል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንዲት ጥያቄ ናት። አፍ አላችሁ።

በስልክ ባቡር ከገባችሁ ደግሞ በስልክ ውጡ። ካርዱ አንድ ቢሆንም ማሽኑ ስልኩንና ፕላስቲኩን እንደ ሁለት ሰው ነው የሚቆጥራቸው። በስልክ ገብታችሁ በካርድ ከወጣችሁ ሁለት ያላለቀ ጉዞ ይሆንና ለሁለቱም ትልቁን ዋጋ ይቆርጥባችኋል። ስልክ ቻርጅ አድርጋችሁ ውጡ። ይሄን እንኳ እኔ ልንገራችሁ?

3. ያቺ ኮድ

ስልኩ ውስጥ ያለው የካርዳችሁ ቁጥር አይደለም። ባንኩ ለዚያ ስልክ ብቻ የሚሠራ ምትክ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ባለሱቁም እውነተኛውን አያየውም። ማሽኑ የሚያነበው ስልኩ አፍንጫው ሥር ሲደርስ፣ ከአራት ሳንቲሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ አልፎ የሚሰርቃችሁ የለም። ሱቅ ውስጥም ፊታችሁን፣ ጣታችሁን ወይም የይለፍ ቁጥራችሁን ሳያይ አይከፍልም። ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም።

ሌባው ይሄን ስለሚያውቅ የሚመጣው በሌላ በር ነው። የካርዳችሁን ቁጥር ከየትም ያገኝና ራሱ ስልክ ላይ ሊጭነው ይሞክራል። ያኔ ባንኩ ለእናንተ ኮድ ይልካል። ወዲያው ስልክ ይደወላል፦ "ከባንክ ነው፣ ካርድዎ ላይ ችግር አይተናል፣ አሁን የደረሰዎትን ኮድ ያንብቡልኝ።" ካነበባችሁ የሱ ስልክ የናንተ ካርድ ሆነ ማለት ነው።

ከይርጋለም የመጣች ልጅ በመጣች በሦስተኛ ሳምንቷ አነበበችለት። ሰውየው በጣም ትሁት ነበር አለችኝ። 640 ፓውንድ። ያጸዳችው የቢሮ ወለል ሁሉ ነበር እዚያ ውስጥ። ኮድ ለማንም አይነበብም። ለባንክም፣ ለፖሊስም፣ ለእጮኛም።

4. አገር ቤት ስትመጡ

ስልካችሁ እዚህ ስልክ ብቻ ነው። እኔን ያየ ይማር። ከጥቂት ዓመታት በፊት መጥቼ በማግስቱ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። የሐይቁ ዳር፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚቆሙበት። ቆሮሶ ዓሣ አስጠበስኩ፣ የዓሣ ሾርባ ደገምኩ፣ አብረውኝ ለነበሩት ሁሉ አዘዝኩ። ሒሳብ ሲመጣ ሳላስበው የስልኬን ጎን ሁለቴ ተጭኜ ዘረጋሁላት። የዓመታት ልማድ ነው፣ እጄ ራሱ ሄደ። ሴትየዋ ስልኩን አየች፣ እኔን አየች።

"ቴሌብር የለሽም?"

"የለኝም።"

"ካሽስ?"

የለኝም።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ስልክ ምን ይሠራል?" አለችና ሳቀች። ከጎኗ እንጨት ላይ ስልክ ቁጥሯ በቀለም ተጽፏል። "ሂጂ፣ ነገ ታመጪያለሽ።" በማግስቱ ከኤቲኤም አውጥቼ ወሰድኩላት። የትኛው የለንደን ሱቅ ነው በማያውቀው ሰው እንዲህ የሚያደርግ?

አንዳንዶቻችሁ ይሄን ስትሰሙ "ገና ናቸው" ትላላችሁ። አትበሉ። ታፕ ለማድረግ ባለሱቁ ማሽን ያስፈልገዋል፣ ከባንክ ጋር ውል ያስፈልገዋል። ለዚያች ሴት ግን እንጨት ላይ የተጻፈ ቁጥር ይበቃታል። ቴሌብር የተጀመረው በግንቦት 2013 በኛ አቆጣጠር ነው፣ ኤምፔሳም ተከትሎ መጥቷል። *127# ብሎ ለሚደውል ሰው ቁልፍ ያላት ተራ ስልክም ትበቃለች። ባጃጅ፣ ቡና ቤት፣ ፋርማሲ፣ ሁሉም ጋ ይሄዳል። ክፉው ነገር ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ መጥፋቱ ነው። የውጪው ታፕ ስልካችሁ ኢንተርኔት ባይኖረውም ይከፍላል፣ ይሄ ግን "ኔትወርክ የለም" ከተባለ አለቀ። ስለዚህ ጥቂት ብር ኪሳችሁ ይኑር። ሲም ካርዱን በራሳችሁ ስም አውጡ፣ በአክስት ልጅ ስም አይደለም። ትልልቅ ሆቴሎች ፖስ የሚባል የካርድ ማሽን አላቸው፣ ቪዛ ካርድ የሚቀበሉበት ቀን አለ፣ ማሽኑ የሚያኮርፍበትም ቀን አለ።

"በስህተት ብር ልኬልዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ" የሚል ሰው ከደወለ ደግሞ መጀመሪያ ሒሳባችሁን እዩ። መልእክቱን አይደለም፣ ሒሳቡን።

5. የምትልኩት ብር

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ድሮ ብር መላክ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነበር። ጥሬ ገንዘቡን ይዤ ብር መላኪያው ሱቅ ጋ እሰለፋለሁ። ፎርም እሞላለሁ። ደረሰኙ ላይ አስር አሃዝ ያለው ሚስጥር ቁጥር ይወጣል። ከዚያ የአምስት ፓውንድ የስልክ ካርድ ገዝቼ፣ በሳንቲም ፍቄ፣ እናቴ ጋ እደውላለሁ። እናቴ እርሳስ እስክትፈልግ ሁለት ደቂቃ። ቀን መቁጠሪያው ጠርዝ ላይ ነበር የምትጽፈው።

"አራት" እላለሁ። "አራት" ትላለች። "ሰባት።" "ሰባት... ሰባት ብለሻል? ቆይ፣ የእትዬ ጎረቤት ማረፏን ነግሬሻለሁ?" አስሩ ቁጥር እስኪያልቅ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ፣ በጉ ስንት እንደገባ፣ ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ እሰማለሁ። የካርዱ ሒሳብ አልቆ ስምንተኛው ቁጥር ላይ የተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ነው። እበሳጭ ነበር። ያ ሁሉ ጣጣ ነው እል ነበር።

ከዚያ የብር መላኪያው አፕሊኬሽን መጣ። ካርዴ ስልኬ ውስጥ ገብቷል፣ የታናሽ ወንድሜ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተመዝግቧል። ጎኑን ሁለቴ ጫን፣ ፊትሽን አሳዪ፣ ሄደ። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ አውቶቡሱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ዓይኔ እየተከደነ እልክ ነበር። ለቡና የማደርገውንና ለእናቴ የማደርገውን ጣቴ መለየት አቃተው።

ፈረንጆቹ ይሄን ነገር ያውቁታል። በካርድ ታፕ ሲጀመር በ2007 በአንዴ የሚከፈለው ወሰን 10 ፓውንድ ነበር። በ2015 30 ሆነ፣ በ2020 45፣ በ2021 100። በስልክ ሲሆን ያ ወሰን እንኳ የለም። በሩ እየሰፋ ሲሄድ ማን ቆጥሮ ይወጣል?

አንድ ቀን የባንኬን ወረቀት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። በአንድ ወር 14 ጊዜ ልኬያለሁ። ትንሿ 20 ፓውንድ፣ ትልቋ 90። ለሠርግ። ለስልክ። ለባጃጅ ጎማ። ለማላውቀው ሰው ልደት። ወንድሜ ሌባ አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። የጠየቀኝን ነው የላክሁለት፣ የላክሁለትን ነው የተጠቀመበት። ሁለት መስመር መልእክት ይጽፋል፣ እኔ አውራ ጣት እመልሳለሁ። "እማዬስ?" እላለሁ። "ደህና ናት" ይላል። ስደውልም እሷው ራሷ "ደህና ነኝ፣ ለኔ አታስቢ" ትለኛለች። ሁለት ደቂቃ። ቁጥር የለም፣ እርሳስ የለም፣ ምን ያቆየናል?

ያን ጊዜ ዓሣውን የበላሁበት ጉዞ ላይ ነው። እናቴ ቡና አፈላችልኝ። ሦስት ሲኒ ደረደረች። ጀበናውን አነሳችና ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ከሲኒው ውጪ፣ ረከቦቱ ላይ ቀዳችው። ቡናው ሲፈስ ድምፁን ሰምታ ነው ያቆመችው። አላየችውም።

ግላኮማ ነው አሉን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ረጋ ብሎ ነገረን። ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፣ የቀረውን በጠብታ መጠበቅ ነው። የቀኝ ዓይኗ ጨርሶ ሄዷል። ግራው አለ፣ ግማሹ። "መቼ ጀመረሽ?" ስላት "ቆይቷል" አለች። ቀን መቁጠሪያው አሁንም ግድግዳው ላይ ነበር፣ የድሮው። ጠርዙ ላይ የኔ ቁጥሮች አሉ። የመጨረሻዎቹ ከመስመር ወጥተው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብረው።

ያን አንድ ዓመት ቁጥር ማንበቡ ቢቀጥል ኖሮ አውቅ ነበር። በዚያው ቅዳሜ አውቅ ነበር። "አላየሁትም፣ ድገሚልኝ" ስትል እሰማት ነበር። እኔ ግን ጣጣውን ገላገልኩት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለወንድሜ ልጅ ስልክ የላክሁት ብር የስንት ወር ጠብታ እንደሚገዛ አስልቼዋለሁ። አልነግራችሁም።

ስለዚህ ስሙኝ። በፈረንጆቹ 2024 ሐምሌ ላይ ብር ከተንሳፈፈ፣ ማለትም ዋጋው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነገሩ ብሶባችኋል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከመቶ አለፈና ፓውንዳችሁን በብር ስታባዙት ልባችሁ አበጠ። ዘይቱም ጤፉም አብሮ እንዳበጠ ማን ይንገራችሁ? ሱቅ ሄዶ የማያውቅ ሰው "በቂ ልኬያለሁ" ይላል። በቂ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ስልካችሁ "ተሳክቷል" ስላለ? ገንዘቡ መድረሱን ነው የነገራችሁ፣ ሰውየው መኖሩን አይደለም።

እኔ አሁን የማደርገው ይሄ ነው፣ የወደደ ይውሰድ። የምልከው በወር አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ነው። አስቀድሜ እደውላለሁ፣ ከዚያ ነው የምልከው፣ የሚደርሰውም በእናቴ በራሷ ስም ነው። የጠብታውን ሒሳብ የወንድሜ ልጅ ፒያሳ ካለው ፋርማሲ በቴሌብር ትከፍልና የመድኃኒቱን ጠርሙስ ፎቶ ትልክልኛለች፣ ደረሰኙን ብቻ አይደለም። በመሀል የሚመጣ ጥያቄ እስከ ቅዳሜ ይቆያል። ግማሹ እስከ ቅዳሜ ራሱ ይረሳል፣ ሞክሩት። ወንድሜ መጀመሪያ አኮረፈ። አሁን ባጃጁን ራሱ ያስጠግናል።

ልመጣ ስል በነበረው ቅዳሜ ደውዬ "እማዬ፣ ልኬልሻለሁ" አልኳት።

"ቁጥሩን ንገሪኝ" አለች።

"አሁን ቁጥር የለውም እኮ፣ ቀጥታ ነው የሚገባው።"

"ቢሆንም ንገሪኝ።"

የቤቴን ቁጥር፣ የአውቶቡሴን ቁጥር፣ የትውልድ ዓመቴን እየቀጣጠልኩ አስር እስኪሞላ ነገርኳት። እርሳስ እንዳልያዘች አውቃለሁ። አንድ በአንድ ትደግማለች።

"ሰባት" አልኳት።

"ሰባት... ሰባት ብለሻል? ቆይማ፣ የጎረቤታችን ልጅ ማግባቷን ነግሬሻለሁ?"