ፀጉር አልባው ትንሽ ውሻ፦ ስለ ቻይኒዝ ክሬስትድ ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ምንም ፀጉር የለውም?

መልስ፦ አለው። በራሱ ላይ እንደ ጋማ የሚወርድ፣ በጅራቱና በእግሮቹ ጫፍ ላይም ለስላሳ ፀጉር ያበቅላል። ቁመቱ ከትከሻው እስከ መሬት ከ28 እስከ 33 ሴንቲ ሜትር ነው።

ጥያቄ፦ ከወላዷ ቡችሎች አንዱ ፀጉራም ነው። እናቲቱ ከሌላ ዝርያ አርግዛ ይሆን?

መልስ፦ እናቲቱን አይጠርጥሯት። ፀጉራሙ ፓውደርፓፍ ይባላል፤ ሙሉ የዝርያው አባል ነው። ፀጉር አልባነት የሚመጣው በአንድ ዘረመል ላይ ባለ ለውጥ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 ታውቋል። ለውጡን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ቡችላ ፀጉር አልባ ይሆናል፤ ከሁለቱም የወረሰ ግን ገና በጽንስነቱ ይሞታል። ስለዚህ ሁለት ፀጉር አልባዎች ሲዳቀሉ በሕይወት ከሚወለዱት ሲሶ ያህሉ ፀጉራሞች እንደሚሆኑ ይጠበቃል።

ጥያቄ፦ የውሻዬ ጥርሶች ጎደሎ ናቸው፤ ክራንቻዎቹም ወደ ፊት ያዘነብላሉ። ታሞ ነው?

መልስ፦ ፀጉሩን ያስቀረው ዘረመል ጥርሱንም ይነካል። መጉደላቸው ከተፈጥሮው ነው፤ ያሉትን መንከባከብ ግን የእርስዎ ድርሻ ነው። ለውሻ በተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና በየቀኑ ይቦርሹለት። የሰው የጥርስ ሳሙና ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ውሻን ይገድላል።

ጥያቄ፦ ጀርባው ላይ ጥቁር ነጥቦች ወጡ። ላፍርጣቸው?

መልስ፦ እባክዎ አያፍርጧቸው! የፀጉሩ ቀዳዳዎች በቅባትና በሞተ ቆዳ ሲደፈኑ የሚወጡ ናቸው፤ ሲጨመቁ ይቆስላሉ፣ ይመረቅዛሉ። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ለውሻ በተዘጋጀ ለስላሳ ሻምፑ አጥበው፣ በደንብ አለቅልቀው ያድርቁት። ብዙ መታጠብ ራሱ ቆዳውን ያደርቃል። ቆዳው ከደረቀ ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ይቀቡት። ከበግ ፀጉር የሚወጣው ላኖሊን ለአንዳንዶቹ ስለማይስማማቸው፣ አዲስ ቅባት ሁሉ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ይሞከር። መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም የማያቋርጥ ማሳከክ ካዩ ግን ቅባት ከመለዋወጥ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ፀሐይስ?

መልስ፦ በተለይ ነጣ ያለው ቆዳ በቶሎ ይቃጠላል። በቀትር ጥላ ይሻላል፤ ከወጣ ስስ ልብስ ያልብሱት። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ሲመርጡ ዚንክ ኦክሳይድ የሌለበትን ይምረጡ፤ ውሻ የተቀባውን መላሱ አይቀርም፣ ዚንክ ደግሞ ይመርዘዋል።

ጥያቄ፦ ስነካው ይሞቀኛል። ትኩሳት አለበት?

መልስ፦ ሙቀቱ እንደማንኛውም ውሻ ነው፤ መሃል የሚገባ ፀጉር ስለሌለ ነው እጅዎ የሚሰማው። በዚያው ምክንያት ብርድ ቶሎ ይገባዋል። ከተጠራጠሩ በቴርሞሜትር ይለኩ።

ጥያቄ፦ ለአለርጂ ሰው ይስማማል?

መልስ፦ ዋስትና የለም። አለርጂ የሚቀሰቅሰው በምራቁና ከቆዳው በሚረግፈው ቅርፊት ላይም አለ። ከመውሰድዎ በፊት ደጋግመው አብረውት ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ቡችላ ስገዛ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ወላጆቹ ዓይናቸውንና ጉልበታቸውን መመርመራቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቁ። በዝርያው ቀስ በቀስ የሚያሳውር የሬቲና በሽታ፣ የጉልበት ሎሚ መንሸራተትና የዓይን ሌንስ ከቦታው መውጣት ይታያሉ። ለሁለቱ የዓይን ሕመሞች የዘረመል ምርመራ አለ፤ ወረቀቱን ማሳየት ከማይፈልግ አርቢ አይግዙ። ካደገም በኋላ ዓይኑ በድንገት ቢቀላ፣ ቢደበዝዝ ወይም ጨፍኖ መግለጥ ቢያቅተው በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው፤ የወጣ ሌንስ በሰዓታት ውስጥ ዓይን ያጠፋል።