ተሳቢ ለሚጎትት ፒካፕ ምን ዓይነት ጎማ? ከአዳማና ከአካባቢዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ፒካፕ መኪናችንን ለተሳቢ ሥራ የምንጠቀም የአዳማና የአካባቢዋ አሽከርካሪዎችና ባለንብረቶች በዚህ ወር ስለ ጎማ ቅያሪ እንድንነጋገር በተስማማነው መሠረት፣ በጽሑፍ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልሻለሁ። ሥራውን በጎሚስታ ቤት በረዳትነት ጀምሬ፣ በኋላም በግንባታ ድርጅቶች ውስጥ ጎማ በመምረጥና በማስቀየር ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአለሁ። «የትኛውን ብራንድ ልግዛ?» ያላችሁኝን ግን ይቅርታ እየጠየቅሁ አልፌአችኋለሁ፤ ከስሙ ይልቅ በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ስለሚቀድም ነው።

ጥያቄ፦ ጀነሬተርና የብየዳ ማሽን በተሳቢ እየጎተትሁ ከአዳማ እስከ አዋሽ እሠራለሁ። መኪናዬ ሀይሉክስ ነው፤ ጎማው 265/65 አር 17 ነው። ሻጩ «ይኼኛው ሰፊ ነው፣ ጥርሱም ጥልቅ ነው፣ ለጭነት ይሆንዎታል» ብሎ ሌላ አሳየኝ። ጋሼ፣ የማየው ስፋቱን ነው?

መልስ፦ ስፋቱንም ጥርሱንም ለጊዜው ይተዉትና ከመጠኑ ቀጥሎ የታተመውን ቁጥር ያንብቡ። በእርስዎ መጠን ብዙ ጊዜ የሚገኘው «112 ኤስ» የሚል ነው። 112 ማለት አንዱ ጎማ ተገቢው ንፋስ ሲኖረው እስከ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ሲሆን፣ «ኤስ» ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። በዚያው መጠን ከፊቱ «ኤልቲ» (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ማለት ነው) የሚሉ ፊደላት ያሉበትና «120/117» የተጻፈበት ጎማ ቢያገኙ አንዱ ጎማ 1,400 ኪሎ ይሸከማል። ከእዝባሩ በኋላ ያለው ቁጥር ከኋላ በአንድ ወገን ጥንድ ጎማ ለሚገጠምላቸው መኪናዎች የተሰጠ ነውና እርስዎን አይመለከትም።

ቁጥሩና ኪሎው እኩል እየተራመዱ አያድጉም። 110 ሲል 1,060 ኪሎ፣ 115 ሲል 1,215፣ 121 ሲል 1,450 ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ከኪሎው ጋር የሚያሳየውን ሠንጠረዥ በስልክዎ ውስጥ ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ፤ በግምት አይግዙ።

ጥያቄ፦ ከወለንጪቲ ነኝ፤ ከብት በተሳቢ እጭናለሁ። በኋላ ጎማዬ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍ በምን አውቃለሁ? ተሳቢው የራሱ ጎማ ስላለው ክብደቱ መኪናዬን አይመለከትም የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት እንቆያለን። በአግባቡ የተጫነ ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ 10 በመቶ ያህሉን በጋንቾው (ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት መንጠቆ) በኩል በመኪናው ላይ ያሳርፋል። ተሳቢዎ ከነከብቱ 2,500 ኪሎ ቢመዝን ጋንቾው ላይ የሚያርፈው 250 ኪሎ ይሆናል። ነገር ግን ጋንቾው ከኋላ አክሱ (የኋላ ጎማዎቹ ከተገጠሙበት ዘንግ) ወደ ኋላ ወጣ ብሎ ስለሚገኝ ክብደቱ እንደ ማንሻ ዘንግ ይሠራል፤ የኋላውን ሲጫን የፊቱን ያነሳል። ከኋላ አክሱ እስከ ጋንቾው 1.2 ሜትር፣ ከፊት አክሱ እስከ ኋላ አክሱ ደግሞ 3.1 ሜትር ቢሆን፣ ያ 250 ኪሎ በኋላ አክሱ ላይ ወደ 347 ኪሎ ከፍ ይላል፤ የፊቱ አክስ ደግሞ በ97 ኪሎ ይቀልላል። መሪው ቀለለኝ የሚል ሹፌር ሲያጋጥማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አሁን እንደምር። ባዶው መኪና በኋላ አክሱ ላይ 850 ኪሎ ያሳርፍ እንበል፤ በኋላ መጫኛው (ካሳው) ላይ መኖና ውኃ 700 ኪሎ ተጭኗል፤ ከጋንቾው የመጣው 347 ነው። ድምሩ 1,897 ሲሆን ለአንድ ጎማ 949 ኪሎ ያህል ይደርሰዋል። እኔ ለሙቀት፣ ለጉድጓድና ከብቱ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ለሚፈጠረው መዛባት 20 በመቶ መጠባበቂያ ሳልይዝ አልገዛም፤ ይህም 1,138 ኪሎ ያደርሰናል። 112 የሚለው ጎማ 1,120 ላይ ስለሚያበቃ ሸክሙን ቢችለውም መጠባበቂያውን አያሟላም፤ 114 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይፈልጉ። በተጨማሪም ጎማው ለቤት መኪና ተብሎ የተሠራ ከሆነ፣ በፒካፕ ላይ ሲገጠም የመሸከም አቅሙ በ1.10 እንዲካፈል የአሜሪካ ደንብ ያዝዛል። በዚህ ስሌት 1,120 ኪሎ የነበረው ወደ 1,018 ዝቅ ይላል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን ምሳሌ ናቸው። በእህል መጋዘን ወይም በድንጋይ ካባ ያለ የመኪና ሚዛን ላይ የኋላ እግሩን ብቻ፣ ተሳቢው እንደተያያዘ ያስመዝኑ። የተገኘው ክብደት ፋብሪካው በሹፌር በር መቃን ላይ ከለጠፈው የአክስ ጣሪያ ከበለጠ ግን፣ ምንም ዓይነት ጎማ ቢገዙ አክሱንም ባሌስትራውንም አያተልቅልዎትም።

ጥያቄ፦ ባለ 10 ፕላይ ጎማ አስገጠምሁ። ንፋሱን እንደ ድሮው 36 ነው የማስሞላው። ከቀድሞው ይበልጥ የሚሞቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ጭነቱን የሚሸከመው ንፋሱ ነው፤ ጎማው ንፋሱን የሚይዝ ጆንያ ነው ማለት ይቻላል። ጆንያው ወፍራም ስለሆነ ብቻ ባዶውን አይቆምም። 6 ፕላይ፣ 8 ፕላይ፣ 10 ፕላይ የሚለው አጠራር በጥጥ ክር ዘመን የቀረ ነው፤ ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ እንጂ የንብርብር ቆጠራ አይደለም። በኤልቲ ጎማዎች ላይ «ሲ»፣ «ዲ» እና «ኢ» ተብሎ የሚጻፈውም ይኸው ደረጃ ሲሆን፣ ጎማው የተጻፈበትን ኪሎ የሚሸከመው በአብዛኛው «ሲ» በ50፣ «ዲ» በ65፣ «ኢ» በ80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ሲነፋ ነው። የእርስዎ «ኢ» ጎማ በ36 ሲነፋ፣ በ36 አካባቢ ሙሉ አቅሙን ይሰጥ ከነበረው ከቀድሞው ጎማዎ ያነሰ ይሸከማል። ገንዘብ ጨምረው አቅም ቀነሱ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ከመተሐራ ወዲህ የውኃ ታንከር የምትጎትት መኪና ጎማ ሳይፈነዳ «ይንቀጠቀጣል» ተብሎ መጣልኝ። ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የላስቲክ ፀጉሮች እንኳ አልረገፉም። ከቸርኬው ስናወጣው ከውስጡ እንደ ተወቀጠ ቡና ያለ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ዝርግፍ አለ፤ ጎኑን በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ጨርቅ ታጠፈ። በዝቅተኛ ንፋስ ጎኑ በየዙሩ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ውስጡ ተፈጭቶ ነበር። እንዲህ የሆነ ጎማ ንፋስ ቢጨመርለት አይድንም። የእርስዎንም አስወልቀው ውስጡን ይዩት፤ ዱቄት ካለ ይጣል።

በነሐሴ 2000 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፋየርስቶን በአብዛኛው በፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ በጠራ ጊዜ ከተነሡት ክርክሮች አንዱ የንፋስ ልክ ነበር፤ መኪና አምራቹ 26 ፒኤስአይ ሲመክር ጎማ አምራቹ 30 ይሻላል ይል ነበር። የ4 ፒኤስአይ ልዩነት ይህን ያህል ካከራከረ፣ በ80 እና በ36 መካከል ያለውን እርስዎ ያስቡት።

ንፋሱን ከመጨመርዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። ቸርኬው የሚችለው የጭነትና የንፋስ ጣሪያ ከጎማው እንዳያንስ፤ እንዲሁም ቫልቩ የተለመደው የላስቲክ ቫልቭ እንዳይሆን። የተለመደው የላስቲክ ቫልቭ የተሠራው እስከ 65 ፒኤስአይ ድረስ ነው፤ ለ80 የብረት ወይም ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ቫልቭ ያስፈልጋል። ዋጋው ከጎማው ጋር ሲነጻጸር ምንም ስለማይባል ጎሚስታው «ይኼም ይበቃል» ቢልዎትም እሺ አይበሉ።

ጥያቄ፦ ወደ ሚሌ በየወሩ እመላለሳለሁ። ቆላው ላይ ጎማው ሲግል ንፋሱ ስለሚጨምር ጥቂት አስተነፍሳለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም፤ እባክዎ ይህን ልማድ ይተዉት። በጎማና በመኪና አምራች ሠንጠረዥ ላይ ያለው ልክ የቀዝቃዛ ጎማ ልክ ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ የሚጨምረው አስቀድሞ ታስቦበታል። በጋለበት ሰዓት ካስተነፈሱ የሚቀረው ንፋስ ለጭነቱ ያንሳል፤ ሲያንስ ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይበልጥ ይግላል። በ65 ፒኤስአይ የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በ2.5 ያህል ይጨምራል። ከአዳማ ወደ ቆላው ሲወርዱ በተቃራኒው የውጭው አየር ግፊት ስለሚከብድ መለኪያው እስከ ሁለት ፒኤስአይ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሌሊቱን ሚሌ ካደሩ፣ ጠዋት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ለክተው ያስተካክሉ። በጉዞ መሐል ሲለኩ ከጠዋቱ ልክ ከ15 እስከ 20 በመቶ በላይ ከፍ ካለ ግን ጠዋት ንፋሱ አንሶ ነበር ወይም ጭነቱ በዝቷል፤ የሚቀነሰው ንፋሱ ሳይሆን ጭነቱና ፍጥነቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከኢተያ፤ ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ እገባለሁ። የጭቃ ጎማ ልግዛ?

መልስ፦ ከዓመቱ ውስጥ ስንት ቀን ጭቃ ውስጥ ይገባሉ? የጭቃ ጎማ ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ስለሆኑ በአስፋልት ላይ በጭነት ሲሄድ ጥርሱ ይወዛወዛል፣ ይግላል፣ በእርጥብ አስፋልትም ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል። ሥራዎ በአብዛኛው የአሰላና የአዳማ አስፋልት ከሆነ «ኤቲ» የሚባለውን፣ መሐሉ ጠጋ ጠጋ ያለ ጥርስ ያለውን ይምረጡ። ከአስፋልት ጨርሶ ለማይወርድ ደግሞ «ኤችቲ» የሚባለው የአስፋልት ጎማ ይበልጣል። ዋልካውስ? ዋልካ ሲነክር የጭቃ ጎማም አይመልሰውም፤ ተሳቢውን ፈትቶ መግባት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በ265/65 አር 17 ፋንታ 285/70 አር 17 ባስገጥምስ? መኪናው ቁመናው ያምራል።

መልስ፦ ያምራል፤ አልክድም። ነገር ግን የመጀመሪያው ቁመት 776 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሁለተኛው 831 ነው፤ 7 በመቶ ይበልጣል። ፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው 86 ገደማ ይሄዳል። ሞተሩ ደግሞ በየማርሹ የመሳብ ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ከአዳማ ወደ አሰላ ያለውን ዳገት ተሳቢ ይዞ የወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ፍሬኑም ይበልጥ ይደክማል። ለተሳቢ ሥራ የፋብሪካውን መጠን ጠብቆ የመሸከም ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ነው እንጂ ቁመቱን ማሳደግ አይመከርም።

ጥያቄ፦ ከወንጂ፤ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ በዓመቱ ጎኑ ተሰነጣጠቀ። እንዴት ልለይ?

መልስ፦ «ያልተነዳ» እና «አዲስ» አንድ አይደሉም። በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ ይፈልጉ፤ 2619 ቢል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2019 በ26ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ በሰኔ 2011 ተሠርቷል ማለት ነው። አሃዙ ሦስት ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ዋጋም አይጠይቁ። ኮዱ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ስለሚችል አንዱን ጎን አይተው ካጡት ያገላብጡ። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ ጎማው በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከ10 ዓመት በላይም ፈጽሞ እንዳይነዳ ይመክራሉ። ለተሳቢ ሥራ እኔ ከስድስት አላሳልፍም፤ ከሁለት ዓመት በላይ በሱቅ የቆየውንም ቅናሽ ካልተደረገልኝ አልወስድም። በአዳማ ፀሐይ ደጅ ላይ ተደርድሮ የሚውል ጎማ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ቅርብ ቢሆንም ይለፉት።

ጥያቄ፦ አቅሜ ለሁለት ጎማ ብቻ ነው። የት ይግቡ?

መልስ፦ ከኋላ። በዝናብ የኋላው ከተንሸራተተ ተሳቢው መኪናውን ይዞት ይዞራል። የቀሩትን ሁለቱን ወደ ፊት ያምጧቸው፤ ነገር ግን በጥርሶቹ መሐል ካለው የማለቂያ ምልክት፣ ማለትም ከ1.6 ሚሊ ሜትር፣ ብዙ ያልራቁ ከሆኑ ክረምቱ ሳይገባ ለእነሱም ይቆጥቡ።

ጥያቄ፦ ከሞጆ፤ ተሳቢዬ ላይ በአንዱ ወገን ናይለን፣ በሌላው ራዲያል ጎማ አለ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ሁለቱ (የናይለኑ ክር በሰያፍ፣ የራዲያሉ ደግሞ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው) በጭነት ሥር የሚታጠፉት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ተሳቢው ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ በአንድ አክስ ላይ አንድ ዓይነት ብቻ ያድርጉ። ለተሳቢ ብቻ ተብለው የተሠሩ ጎማዎችን ደግሞ በመኪናው ላይ እንዳይገጥሙ።

ጥያቄ፦ በአዳማ ውኃ በተሳቢ የማከፋፍል ነኝ። አራቱን በኤልቲ ቀየርሁ፤ ቅያሪ ጎማዬ ግን የድሮው ነው። ይበቃኛል ወይስ አምስተኛ ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁመቱ ከአራቱ ጋር እኩል ከሆነና ዕድሜው ካላለፈ እስከ ጎሚስታ ለመድረስ ይበቃዎታል፤ ይህም ውኃውን ደፍተው፣ ቀስ ብለው፣ ከተቻለም ከፊት ገጥመው ነው። የኋላው ከፈነዳ አንዱን የፊት ኤልቲ ወደ ኋላ፣ የድሮውን ወደ ፊት ማዛወር ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ክሪክና ተሳቢውን የሚያቆም ድንጋይ ወይም ታኮ አይለይዎት። አምስተኛውን ሲገዙ ደግሞ ከመኪናው ሥር እንደተሰቀለ እንዳይረሳ፣ ንፋሱን በየወሩ ከሌሎቹ ጋር ያስለኩ።