አሥር ተጫዋች፣ አሥራ አራት ዙር፦ ስለ ኔትቦል ለጠየቃችሁን

ኔትቦል ሰባት ለሰባት ሆኖ ኳስ ቀለበት ውስጥ በማስገባት የሚጫወቱት፣ ከቅርጫት ኳስ ጋር የሚቀራረብ ስፖርት ነው። ስለ አውስትራሊያው የሴቶች ሊግ፣ ሱፐር ኔትቦል፣ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች መካከል ተደጋግመው የመጡትን መርጠን መልሰናል። ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜልበርን ፉትስክሬይ ነው። ልጄ ትምህርት ቤት ኔትቦል ጀምራ የሜልበርን ቪክሰንስን ጨዋታ አብረን እናያለን። የደረጃ ሰንጠረዡ ግን ሊገባኝ አልቻለም። ውድድሩ እንዴት ነው የሚካሄደው? (አንዲት እናት)

መልስ፦ ሊጉ 8 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ ከቀሩት 7 ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ስለሚገናኝ በመደበኛው ውድድር 14 ጨዋታ ያደርጋል። ያሸነፈ የሚያገኘው 4 ነጥብ ነው። እግር ኳስ የለመደ ሰው 3 ስለሚጠብቅ መጀመሪያ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ግራ የሚያጋባ ነገር በነጥብ እኩል የሆኑ ክለቦች የሚለዩበት መንገድ ነው። የሚታየው የጎል ልዩነት ሳይሆን መቶኛ ነው። ክለቡ ያስቆጠረውን ጎል ለተቆጠረበት ጎል ያካፍሉና በ100 ያባዙ። ለምሳሌ 840 አስቆጥሮ 800 የተቆጠረበት ክለብ 105 ይይዛል። በዚህ ምክንያት በ3 ጎል መሸነፍና በ20 ጎል መሸነፍ አንድ አይደሉም። ገና በሰባተኛው ዙር በቸልታ የተቆጠሩ 15 ጎሎች በመጨረሻው ዙር አራተኛነትን ሊያሳጡ ይችላሉ። አሠልጣኞች ያበቃለት በሚመስል ጨዋታ ላይ ዋና ተከላካዮቻቸውን ሜዳ ላይ ሲያቆዩ ካዩ፣ እያሰቡ ያሉት ስለ መቶኛው ነው።

ከ14ቱ ዙር በኋላ የመጀመሪያዎቹ 4 ክለቦች ያልፋሉ። 1ኛና 2ኛ ይገናኙና አሸናፊው በቀጥታ ለፍጻሜ ያልፋል። ተሸናፊው አይሰናበትም፤ ከ3ኛና ከ4ኛው አሸናፊ ጋር ሌላ ዕድል አለው። በ3ኛነት ወይም በ4ኛነት የጨረሰ ክለብ ዋንጫ ለማንሳት ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ግዴታው ነው፤ ከላይ ያለው ግን በሁለት ድል ሊጨርስ ይችላል፤ በመሃሉም የአንድ ሳምንት እረፍት ያገኛል። አሥር ተጫዋች ብቻ ላለው ክለብ ያቺ ሳምንት ብዙ ዋጋ አላት።

ጥያቄ፦ እኔ የቅርጫት ኳስ ሰው ነኝ። ኔትቦል ላይ ባለ ሁለት ጎል ውርወራ መኖሩን ሰማሁ። ሁለት የሚያስገኝ ከሆነ ለምን ሁልጊዜ አይሞከርም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መጀመሪያ ልዩነቱን እንይ። ቀለበቱ የሚሰቀልበት ከፍታ እንደ ቅርጫት ኳሱ 3.05 ሜትር ነው። ስፋቱ ግን 38 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የቅርጫት ኳሱ 45 ነው። ከጀርባው ሰሌዳ ስለሌለ ኳስን አጋጭቶ ማስገባት አይቻልም። ኳስ እያነጠሩ መሄድ የለም፤ የያዘች ተጫዋች በ3 ሰከንድ ውስጥ ማቀበል ወይም መወርወር አለባት። ተከላካይዋ ከ90 ሳንቲ ሜትር ቀርባ እጇን መዘርጋት አትችልም። ከሰባቱ ተጫዋቾች ጎል እንዲያስቆጥሩ የተፈቀደላቸው ሁለቱ አጥቂዎች፣ ጎል ሹተሯና ጎል አታኳ፣ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ራዲየሱ 4.9 ሜትር በሆነው ግማሽ ክብ ውስጥ ቆመው ነው።

ባለ ሁለቱ ጎል «ሱፐር ሾት» ይባላል። ሊጉ ይህን ሕግ ያስገባው በ2020 ሲሆን የዓለም ዋንጫ ላይ የለም። የሚሠራው በእያንዳንዱ ሩብ የመጨረሻ 5 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሩቡ 15 ደቂቃ ስለሆነ ከጨዋታው አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ተጫዋቿ በግማሽ ክቡ ውጫዊ ጠርዝ ላይ በተሰመረው የ1.9 ሜትር ክልል ውስጥ መቆም አለባት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ከቀለበቱ ሥር ከ100 ውርወራ 95 የምታስገባ ተጫዋች በአንድ ሙከራ በአማካይ 0.95 ጎል ታስገኛለች። ከሩቅ ከ100 ውስጥ 50 የምታስገባ 1.0 ታስገኛለች። በወረቀት ላይ ሩቁ የተሻለ ይመስላል። ሒሳቡ የማያሳየው የተሳተው ኳስ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ማንም ጎል ያስቆጥር፣ ጨዋታው የሚጀመረው በየተራ ከመሃል በሚደረግ ቅብብል ነው። ስለዚህ ተራሽ ሆኖ ከሳትሽና ተከላካይዋ ኳሱን ከወሰደች ያጣሽው አንድ ጎል ብቻ አይደለም፤ ተጋጣሚሽ ያን ኳስ አስቆጥራ የሚቀጥለውም ተራ የራሷ ይሆናል። ከሩቅ የሚሳት ኳስ ደግሞ ከቀለበቱ በኃይል ስለሚመለስ ከሥር ቆማ የምትጠብቀው አጥቂ ላትደርስበት ትችላለች።

በእኛ አስተያየት ሱፐር ሾት ዋጋ የሚኖረው በሁለት ሁኔታ ነው። አንደኛው፣ ረጅሟ ጎል ሹተር ከቀለበቱ ሥር ቦታ ይዛ ከተመለሰው ኳስ ብዙውን የምትለቅም ስትሆን ነው። ሁለተኛው፣ ክለቡ ከሦስት ጎል በላይ ተመርቶ ሰዓቱ ሲያልቅበት ነው። በአንድ ጎል እየመሩ ከሩቅ መሞከርን እንደ ድፍረት የሚያዩ አሉ፤ እኛ ግን ድልን በገዛ እጅ አሳልፎ መስጠት ነው እንላለን።

የሩቅ ውርወራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከእግር ነው። በአራተኛው ሩብ እግር ሲዝል ጉልበት በደንብ ሳይታጠፍ ይቀርና ኳሱ በክንድ ብቻ ይገፋል፤ ያኔ ዝቅ ብሎ ይበርና የቀለበቱን ፊት ይመታል። ስለዚህ የሩቅ ውርወራ ልምምድ ከሩጫ በኋላ፣ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መደረግ አለበት። በእረፍት የሚደረግ 100 ውርወራ የጨዋታውን አምስት ደቂቃ አያስተምርም።

ጥያቄ፦ ክለቦቹ አሥር ተጫዋች ብቻ ነው የሚያስፈርሙት ይባላል። እውነት ነው? አንዷ ብትጎዳስ? (ከፐርዝ)

መልስ፦ እውነት ነው። ሰባቱ ሜዳ ይገባሉ፤ ሦስቱ ተጠባባቂ ናቸው። ከእነሱ ውጭ አብረው የሚለማመዱ ወጣቶች አሉ፤ ከአሥሩ አንዷ ስትጎዳ የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱ ተጠባባቂዎች ሁለት ሁለት ቦታ መጫወት የሚችሉ መሆን አለባቸው። ጎል ኪፐርና ጎል ዲፌንስ (የኋላ ተከላካዮች)፣ ዊንግ አታክና ሴንተር (የመሃል ተጫዋቾች) እየተፈራረቁ የሚሸፍን ሰው የሌለው ክለብ በዘጠነኛው ዙር ይቸገራል። ከ2020 ጀምሮ ጨዋታው ሳይቆም መቀየር ስለተፈቀደ የተጠባባቂዋ ሥራ በዝቷል፤ ለመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ብቻ ከሩቅ የምትወረውር ተጫዋች የሚያስገቡ አሠልጣኞች አሉ።

የእናንተ ከተማ ክለብ፣ ዌስት ኮስት ፊቨር፣ ተጨማሪ ሸክም አለበት። ሁሉም ተጋጣሚዎቹ ምሥራቅና ደቡብ ስላሉ ከሜዳው ውጭ የሚያደርገው እያንዳንዱ ጨዋታ ረጅም በረራና የሰዓት ልዩነት አለው። እግር አብጦና እንቅልፍ ተቋርጦ የሚደረግ ልምምድ ጉዳት ስለሚጋብዝ ከበረራ ማግስት ያለው ልምምድ ቀላል መሆን አለበት።

ብዙ ኮከብ ሰብስቦ ችግሩን መፍታትም አይቻልም፤ የደመወዝ ጣሪያ አለ። ፊቨር በ2018 እና በ2019 ጣሪያውን በመጣሱ በ2021 ውድድር 12 ነጥብ ተቀንሶበታል። ሦስት ድል ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት ግን ፐርዝ ላይ ቪክሰንስን 70 ለ 59 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ቁመቷ 1.98 ሜትር የሆነው ጃማይካዊቷ ጃኒኤል ፋውለር ከቀለበቱ ሥር ኳስ ከያዘች ማስቆም እጅግ ይከብዳል። መፍትሔው እሷን መጠበቅ ሳይሆን ኳስ የሚያቀብሏትን ማወክ ነው።

አደላይድ ተንደርበርድስ ሌላ መንገድ አሳይቷል። በ2018 አንድም ጨዋታ ያላሸነፈ ክለብ በ2023 እና በ2024 ተከታታይ ዋንጫ አነሳ። የመጀመሪያውን በተጨማሪ ሰዓት 60 ለ 59፣ ሁለተኛውን 59 ለ 57 ነው ያሸነፈው። መሠረቱ መከላከል ነበር፤ ጃማይካውያኑ ሻሜራ ስተርሊንግና ላታንያ ዊልሰን ኳስ እየቀሙ አጥቂዎቻቸው ተጨማሪ ዕድል እንዲያገኙ አደረጉ። ሊጉ የውጭ ተጫዋች ቁጥር ስለማይገድብ ሁለቱን አብሮ ማሰለፍ ተችሏል።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ትጫወታለች። ጉልበት የሚጎዳ ስፖርት ነው ብለው አስፈሩኝ። ምን ላድርግ? (ከሜልበርን)

መልስ፦ ፍርሃትዎ መሠረት አለው፤ ጥንቃቄ ግን ብዙ ይረዳል። ኔትቦል ላይ በጣም የሚፈራው ጉዳት በጉልበት ውስጥ ያለው የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ማንም ሳይነካት ነው። ምክንያቱ የጨዋታው ሕግ ውስጥ አለ፦ በሩጫ ላይ ኳስ የያዘች ተጫዋች መጀመሪያ ያረፈችበትን እግር አንዴ ካነሳች ኳሱን ሳትለቅ መልሳ መሬት ማስነካት አትችልም። ስለዚህ በድንገት መቆም አለባት። ጉልበቷ ሳይታጠፍ፣ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ፣ እግሯ እንደተተከለ ሰውነቷ ከዞረ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል።

የአውስትራሊያ ኔትቦል ማኅበር ለዚህ ያዘጋጀው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር አለ፤ ለታዳጊ፣ ለመዝናኛ ተጫዋችና ለከፍተኛ ደረጃ ተብሎ ተከፍሏል። ልጅዎ የምትሠራው በታዳጊው እንዲሆን ያድርጉ። ከልምምድም ከጨዋታም በፊት፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሠራ። ቅደም ተከተሉ አይዘለል፦ በመጀመሪያ በሁለት እግር ዘሎ ማረፍ፣ ቀጥሎ በአንድ እግር አርፎ ለሦስት ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ ኳስ እየተቀበሉ ማረፍ፣ በመጨረሻ ጓደኛዋ ትከሻዋን በቀስታ እየገፋቻት ማረፍ። ፊት ለፊቷ ቆመው ጉልበቷን ይመልከቱ። ከእግር ጣቶቿ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ከወጣ ወደ ቀጣዩ አትለፍ። ድምፁንም ይስሙ፤ አወራረዷ የሚጮህ ከሆነ ጉልበቷ አልታጠፈም። የጭን ጀርባ ጡንቻ ማጠንከሪያም ያስፈልጋል፤ ጅማቱን የሚያግዘው እሱ ነው።

ጫማው የኔትቦል ይሁን። የሩጫ ጫማ ሶሉ ወፍራም ስለሆነ ወደ ጎን ስትታጠፍ ቁርጭምጭሚት ያስገለብጣል።

ሜዳ ላይ «ጧ» የሚል ነገር ከተሰማትና ጉልበቷ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ፣ እባክዎ አይታሽ። ወደ ወጌሻ ሳይሆን ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ደግሞ ከ9 ወር በፊት ወደ ጨዋታ አትመለስ፤ 12 ወር ቢሆን ይመረጣል። የተጎዳው እግር በጥንካሬና በዝላይ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረሱን ባለሙያ ለክቶ ያረጋግጥ። ሕመሙ ጠፍቷል ብሎ መመለስ ሁለተኛ ጉዳት ያመጣል።

ጥያቄ፦ የፍጻሜው ጨዋታ ለምን አንደኛ በወጣው ክለብ ከተማ አይደረግም? (ከአደላይድ)

መልስ፦ የማዘጋጀቱ መብት አስቀድሞ ስለሚሸጥ ነው። በ2022 ለፐርዝ ተሸጠ፤ በ2023 አደላይድና ሲድኒ የተገናኙት ሜልበርን ላይ ነበር። ገንዘቡ ለስፖርቱ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ ቲኬት የገዛ ደጋፊ ፍጻሜውን በቴሌቪዥን እንዲያይ መደረጉን አንደግፍም።

ጥያቄ፦ ተጫዋቾቹ በዚህ ሥራ ብቻ መኖር ይችላሉ?

መልስ፦ ዋናዎቹ አዎ። ሌሎቹ ግን ከጎን ይማራሉ ወይም ይሠራሉ፤ ውሉም ዋስትና የለውም። በ2023 ውላቸው በሴፕቴምበር መጨረሻ አብቅቶ አዲስ ስምምነት እስከ ዲሴምበር ባለመደረጉ ያለ ደመወዝ ቆይተዋል። ጥያቄያቸው ከስፖርቱ ገቢ ድርሻ እንዲኖራቸው ነበር፤ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ ከአፍሪካ የወጡ ተጫዋቾች አሉ? ለእኛ ልጆችስ መንገዱ ምንድን ነው? (አንድ አባት)

መልስ፦ አሉ። ማላዊያዊቷ ምዋይ ኩምዌንዳ ለሜልበርን ቪክሰንስ፣ ኡጋንዳዊቷ ፒስ ፕሮስኮቪያ ለሰንሻይን ኮስት ላይትኒንግ ተጫውተዋል። የ2023 የዓለም ዋንጫ ኬፕታውን ላይ ሲደረግ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር።

አውስትራሊያ ላሉ ልጆች በር ከፋቹ «ኔትሴትጎ» የሚባለው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚሰጠው ሥልጠና ነው። ለትንንሾቹ ምሰሶው ወደ 2.4 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ኳሱም አነስ ያለው 4 ቁጥር ነው። ቀጥሎ የሰፈር ክለብ፣ ከዚያ ቪክቶሪያ ውስጥ ከሆኑ የክፍለ ግዛቱ ሊግ ይመጣል። በ10 ዓመት ያልጀመረችም አልዘገየችም። ቅርጫት ኳስ የተጫወተች ልጅ ዝላይና ኳስ አያያዝ ይዛ ትመጣለች፤ የሚያስቸግራት ኳስ ይዞ እግርን መግታት ነው። ሲያስመዘግቧት የጎል ቦታ ብቻ እንዳይጠይቁላት፤ ቢያንስ አንድ ዓመት በየቦታው ትጫወት። የክለብ መራጮች መጀመሪያ የሚያዩት ኳስ በሌላት ጊዜ የት እንደምትሮጥ ነው።