«መሀል ሰፋሪ ነኝ» ብል ለምን ተሳቀብኝ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን ወሬው ወደ ፖለቲካ ዞረ። አንዱ «አንተ ግራ ዘመም ነህ ቀኝ ዘመም?» አለኝ። «መሀል ሰፋሪ ነኝ» ስል ሳቁብኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? «ወግ አጥባቂ»ስ ስድብ ነው እንዴ?

መልስ፦ ጓደኞችዎ ወደው አልሳቁም። ዛሬ «መሀል ሰፋሪ» ሲባል ቶሎ የሚታየን አሸናፊውን አይቶ የሚጠጋ ሰው ነው። ዱሮ ግን መሀል ሰፋሪ ማለት በቤተ መንግሥት ዙሪያ የሰፈረው ጦር ነበር። በ1910 ዓ.ም. በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተሰብስቦ ሚኒስትሮቹ ይነሱልን ያለውና ያስነሳው እሱ ነው። እንግዲህ አቋም የለውም ይበሉት!

ከሁለቱም ጫፍ የራቀ አቋም ካለዎት «ለዘብተኛ ነኝ» ይበሉ። ገና ካልወሰኑም «አልወሰንኩም» ማለት ነውር የለውም።

ግራና ቀኙ የመጣው ከፈረንሳይ ነው። በ1789 እ.ኤ.አ. በብሔራዊ ጉባኤው፣ ንጉሡ ሕግ የመሻር ሥልጣን ይኑረው ያሉት ከሰብሳቢው በስተቀኝ ተቀመጡ፤ የተቃወሙት በስተግራ። የእኛ ቋንቋ ደግሞ ለቀኝ ያደላል። ስንመርቅ «ቀኝ ያውልህ» እንላለን፤ ያኮረፈውን «በግራ ጎኑ ተነሳ» እንለዋለን። «ዘመም» የሚለውም ሊወድቅ የደረሰ ጎጆ ስለሚያስታውሰኝ እኔ «ግራ ክንፍ»ን እመርጣለሁ።

እኛ አገር ስሞቹ ክፉኛ ተምታተዋል። በአብዮቱ ዘመን የተፎካከሩት ሁለቱ ፓርቲዎች፣ ኢሕአፓም መኢሶንም፣ ማርክሲስት፣ ማለትም ግራ ክንፍ ነበሩ። ደርግ ግን ኢሕአፓን «አናርኪስት» (ሥርዓት አልበኛ) አለው፤ መኢሶንን ደግሞ ከተጣላው በኋላ «ቀኝ መንገደኛ»። ማርክሲስቱ ቀኝ ሆኖ አረፈው!

ስለዚህ ራስዎን በጉዳይ በጉዳይ ይመዝኑ። መሬትን እንይ። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ይህን ከደገፉ በኢኮኖሚው ወደ ግራ ነዎት፤ የግል ይሁን ካሉ ወደ ቀኝ። ነገር ግን ሲዳማ ክልል ይሁን አይሁን ተብሎ በኅዳር 2012 እናንተው ከተማ ድምፅ ሲሰጥ ግራና ቀኝ ብዙም አልረዳም። መሬት ይሸጥ የሚል ሰው ክልሉን ሊደግፍ ይችላል፤ አይሸጥ የሚለውም ሊቃወም። ለዚህ «ፌዴራሊስት» (ሥልጣን ለክልሎች ይከፋፈል የሚል) እና «አሃዳዊ» (ሥልጣን በማዕከል ይሰብሰብ የሚል) የሚባል ሌላ መስመር አለን። ችግሩ «አሃዳዊ» የሚለውን ስም ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ተቃራኒው ወገን ነው።

«ወግ አጥባቂ» ስድብ አይደለም። ዜና ላይ የእንግሊዙን ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ የምንጠራው በዚሁ ስም ነው። ስድቡ «አድኃሪ» ነው፤ ራሱን እንዲያ ብሎ የጠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።