ነርስነትና የአልኮል ሱስ ምርምር አይጣሉም

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖሪያለሽ፣ ባዮሎጂ ትማሪያለሽ፣ አጎትሽን መጠጥ ነጥቆሻል። አልኮል አንጎል ላይ የሚሠራውን ማጥናት ትፈልጊያለሽ፣ ቤተሰብ ደግሞ «ነርስ ሁኚና እረፊ» ይልሻል። አንዱን መምረጥ ያለብሽ መስሎሻል። የለብሽም።

ቤተስዳ ቅርብሽ ነው። እዚያ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) በሥሩ አልኮልን ብቻ የሚያጠና ኢንስቲትዩት አለው፤ የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። የምርምር ሆስፒታልም አለ፤ ታማሚው ይታከማል፣ ፈቃደኛ ሲሆን ጥናት ውስጥ ይገባል። ታዲያ ሌሊቱን አልጋው አጠገብ የሚያድረው ማን ይመስልሻል?

ነርስ ነው። አልኮል አንጎልን የሚያረጋጋውን ጋባ የሚባል ኬሚካል ያግዛል፤ አንጎል በበኩሉ ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያነቃቃውን ጎን እያበረታ ይሄዳል፣ እና ሰውየው መጠጡን ድንገት ሲያቆም ያ መነቃቃት ብቻውን ይቀራል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሲብስ ያንዘፈዝፋል፣ ሊገድልም ይችላል። ይህን በየሰዓቱ እየለካች የምትመዘግበው ነርሷ ናት። ያ ቁጥር ነው በኋላ ዳታ የሚሆነው።

ደም ማየት ካልወደድሽ የጥናት አስተባባሪነት አለ። ታማሚ ታናግሪያለሽ፣ ፈቃድ ታስፈርሚያለሽ፣ ቀጠሮ ትከታተያለሽ። ኤንአይኤች አዲስ ተመራቂዎችን እየከፈለ ለአንድ ሁለት ዓመት ምርምር የሚያሠለጥንበት ፖስትባክ የሚባል ፕሮግራምም አለው፤ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ግን ይጠይቃል። እስከዚያው ስታቲስቲክስ ውሰጂ፣ እባክሽ።

የአጎቴን ነገር ማመልከቻው ላይ ልጻፈው ወይ ብለሻል። ጻፊው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። የቀረውን ቦታ ለጥያቄሽ ተዪው። ለምሳሌ ናልትሬክሶን ለአልኮል ሱስ የተፈቀደው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጠጥን ደስታ የሚያደበዝዝ መድኃኒት ነው፣ አንዳንዱን በደንብ ይረዳል፣ ሌላውን ግን ብዙም አይረዳም። ለምን? እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይዘሽ ግቢ።

አንድ የሚያሳስበኝ አለ። ሥራው ቁስልሽን ይነካል። ያገገመ ያልሽው ሰው ከወር በኋላ ጠጥቶ ይመጣል፣ አጎትሽን ታዪበታለሽ። የምታወሪው ሰው ከወዲሁ ይኑርሽ። «ሰካራም» የሚለውን ቃልም ከአሁኑ ተዪው፤ ደብዳቤሽ ላይ ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ታማሚ ናቸው።

ማመልከቻውን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።