ደርግ ባይሸነፍ ኖሮ ለምትሉ ልጆች

ልጆቼ፣

ፒያሳ አካባቢ ማኪያቶ ይዛችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። ጆሮ መጣል ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እናንተም ግን ቀስ ብላችሁ አታወሩም። አንዱ «መንግሥቱ ባይሄድ ኖሮ አሰብ የእኛ ነበረች» ይላል። ሌላዋ «ኢሕአዴግ ባይገባ ኖሮ የብሔር ጣጣ የሚባል አናውቅም ነበር» ትላለች። ሦስተኛው «ደርግ ቢቀጥል ኖሮ ይቺን ማኪያቶም በቀበሌ ራሽን ነበር የምትጠጧት» ብሎ ያስቃቸዋል።

ክርክሩን አልጠላሁትም። እንዲያውም የዕድሜዬ ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ኢንሹራንስ ውስጥ፣ ክሌም፣ ማለትም የካሳ ጥያቄ ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ማሪን፣ በመርከብ የሚጫን ዕቃ ላይ። ዕቃ ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ ወደብ ላይ ይቀራል። እኛ «አደጋው ባይደርስ ኖሮ ይህ ሰውዬ ዛሬ ምን ይኖረው ነበር?» ብለን እንሠራለን። ካሳ ጠያቂ ሁሉ፣ እጁ ያልገባው ዕቃ ወርቅ ነበር ይላል። የእኛ ሥራ ወርቁን ወደ ደረሰኝ ማውረድ ነው። ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ያልሆነውን አስቡ፣ ግን ደረሰኝ ይኑራችሁ።

መጀመሪያ ቀን ቁረጡ። «ደርግ ባይሸነፍ ኖሮ» የሚል ሰው፣ መቼ ብትሉት ብዙ ጊዜ ግንቦት 1983 ይላችኋል። በዚያ ወር ግን የሚሸነፍ ነገር እምብዛም አልቀረም። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የመንግሥት ጦር የሆነው ናደው ዕዝ ተደምስሷል። የካቲት 1981 ሽሬ ላይ ጦሩ ተሰብሮ መንግሥት ትግራይን ለቆ ወጥቷል። በዓመቱ የካቲት ምፅዋ ተይዛለች። ሞስኮ መሣሪያ ለመስጠት እጇን ሰብስባለች። ምሥራቅ ጀርመን ጭራሽ ከካርታ ጠፍታለች። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 በናይሮቢ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሲሄዱ፣ ለንደን ላይ የሚደራደር መንግሥት ነበር ለማለት እንኳ ይከብዳል። ንግግሩ ግንቦት 19 ተጀመረ። በማግስቱ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

በዚያ ሳምንት አንድ ነገር እንቀይር ካላችሁ፣ መቀየር የምትችሉት የዚህችን ከተማ ዕጣ ነው። እሱም ወደ መጥፎ። ሰው ይህን ሲያስብ አላይም። ሁሉም «ባይሆን ኖሮ» ብሎ የሚሄደው ወደተሻለው ነው። ጎረቤታችንን እዩ። ሲያድ ባሬ ከሞቃዲሾ የወጡት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በታጣቂ ተከፋፍላ ስንት ዓመት እንደኖረች ታውቃላችሁ። እዚህ ግን በቤተ መንግሥቱና በአንዳንድ ቦታዎች ከነበረው ተኩስ በቀር፣ ከለገሃር እስከ አራዳ ጊዮርጊስ ያለው መንገድ እንዳለ ቆየ። ባንኩ ተከፈተ፤ እኛም ቢሮ ገባን። ጦርነቱ በሌላ መልክ ቢያልቅ ኖሮ ያ መንገድ ምን ይመስል እንደነበር ከአሰብ በፊት አስቡት።

ብዙ ነገር ሊቀየር ይችል የነበረበት ቀን በእኔ ግምት ግንቦት 8 ቀን 1981 ነው። ኮሎኔሉ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ሲበሩ ጄኔራሎቹ መከላከያ ሚኒስቴር ተሰበሰቡ። ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይል አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አምኃ ደስታ እዚያው ሕይወታቸው አለፈ። አስመራ ላይ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ ተገደሉ። በዓመቱ ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ። አንድ ሠራዊት ጦርነት ላይ ሆኖ አዛዦቹን ሲበላ አስቡት። ከዚያ ወዲያ ማን ያዋጋ?

ቢሳካላቸውስ? እዚህ ላይ ነው ደረሰኝ የምጠይቃችሁ። ጄኔራሎቹ ከሻዕቢያ ጋር መደራደራቸው አይቀርም ነበር። ግን ሻዕቢያ ከአፋቤት በኋላ ሪፈረንደምን፣ ማለትም የኤርትራን የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ፣ የሚተው ድርጅት አልነበረም። ትግራይም ከእጅ ወጥታለች። እኔ ኤርትራ ያኔም ትሄድ ነበር ባይ ነኝ። ልዩነቱ የምትሄድበት መንገድ ነው። የተሰበረ ሠራዊት ሳይሆን ገና ያልፈረሰ ሠራዊት ያለው መንግሥት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር። ድንበሩ ከሪፈረንደም በፊት መሬት ላይ ይሰመር ይሆናል። ለእኔ ይቺ አንዷ ነገር ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች፤ ከኤርትራ ጋር የ1990ው ጦርነት ሲጀመር ድንበሩ አልተሰመረም ነበርና።

አሰብን ካነሳን አይቀር፣ ይህን ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ በ1983 ወደቡ የተዘጋብን ይመስላችኋል። አይደለም። ኤርትራ ሚያዝያ 1985 በሪፈረንደም ስትለይም አሰብን እንጠቀም ነበር። የማሪን ፋይል ሁሉ አሰብ አሰብ ይላል። የተቋረጠው ግንቦት 1990 ነው። የስንቱ ነጋዴ ዕቃ እዚያው ቀረ። ቢሮአችን በሰው ተሞላ፤ የጦርነት አደጋ ሽፋን ያልገዛው አንጀቱ እያረረ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ፋይሉ ሁሉ ጅቡቲ ሆነ። ስለዚህ የአሰብን ሒሳብ በእርስ በርሱ ጦርነት ላይ አትጻፉት። የሌላ ጦርነት ሒሳብ ነው። በእኛ ሥራ የአንዱን አደጋ ጉዳት በሌላው የኢንሹራንስ ውል የሚያስከፍል ሰው ያጋጥማል፤ መጀመሪያ የሚታየውም የአደጋው ቀን ነው።

ሌላው የምትረሱት ነገር ተዋጊዎቹ የተስማሙበትን ነው። ሰው የሚያየው የተጣሉበትን ብቻ ነው። የትኛውም ወገን ቢያሸንፍ አይቀየርም ነበር የምትሉትን ግን የምታገኙት በተስማሙበት በኩል ነው። መሬትን ውሰዱ። «መሬት ለአራሹ» የተማሪው መፈክር ነበር። ኢሕአፓም ሕወሓትም የወጡት ከዚያ ቤት ነው። ደርግ መፈክሩን ወስዶ በ1967 የካቲት የገጠሩን፣ ሐምሌ ላይ የከተማውን መሬትና ትርፍ ቤት ወረሰ። ከ1983 በኋላስ? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተባለ። የወረሰው መንግሥት ወደቀ፣ ውርሱ ግን ቆመ። የፒያሳ የቀበሌ ቤት ደርግ ቢኖርም ቢሄድም የቀበሌ ነበር። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቴ ብሎ የኖረበት ሰው ተከራይ ሆኖ ነው የተነሣው። ጦርነቱ በየትኛውም መንገድ ቢያልቅ ይህ ይለወጥ ነበር ለማለት ማስረጃ አላገኘሁም።

በሌላ በኩል ለአሸናፊው የምትሰጡትም ከድርሻው ይበዛል። ገበያውን የከፈተው ኢሕአዴግ ነው ትላላችሁ። የግል ባንክና ኢንሹራንስን በ1986 የፈቀደው አዎ፣ እሱ ነው፤ እኔም እንጀራ በልቼበታለሁ። ግን ደርግ ራሱ የካቲት 1982፣ ምፅዋ በተያዘች በዚያው ወር፣ ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ አውጇል። ገበሬው አዋጁን ሲሰማ የአምራቾች ማኅበሩን አፍርሶ ማሳውን ተከፋፈለ። እና ያ የራሽን ማኪያቶ ቀልድ ያስቃል እንጂ፣ ደርግ ቢቆይ ኖሮ ይቆይ የነበረው የ1970ው ደርግ አይደለም። የብሔር ፌዴሬሽኑን ግን ለአሸናፊው ስጡት። አንቀጽ 39 ያለ ግንቦት 20 ይጻፍ ነበር ብዬ አላምንም። የብሔር ጥያቄው ራሱ ግን በተማሪው ዘመንም ነበር። ልጅቷ በግማሹ ትክክል ናት።

ያልከፈላችሁትንም ዋጋ ጻፉ። «ጦርነቱ ትንሽ ቢቆይ፣ ደርግ ትንሽ ቢበረታ» ስትሉ፣ ማን ይዋጋ ነበር? ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ታውጇል። ዕድሜው ለዘመቻ የደረሰ ልጅ አፈሳ ሲባል የት እንደሚደበቅ ያውቅ ነበር፤ ቆጥ ላይ፣ ዘመድ ቤት፣ ክፍለ ሀገር። አባቶቻችሁን ጠይቋቸው። የእናንተ «ትንሽ ቢቆይ» የእነሱ አንድ ዙር አፈሳ ነው። ከእናንተ መካከል ስንቱ ላይወለድ ይችል ነበር?

ጦርነቱ ሲያልቅም ዋጋ ነበረው። የተሸነፈው ሠራዊት በመቶ ሺዎች ተበተነ። ለዓመታት ያገለገለ ወታደር የመለዮ ጃኬቱን እንደለበሰ ስታዲየምና መርካቶ ሲለምን ያየነው እኛ ነን። ከኤርትራም ኑሮውን ጥሎ ተባሮ የመጣ ብዙ ነበር። ጦርነቱ በድርድር አልቆ ቢሆን ኖሮ ከሁሉ በፊት የሚለወጠው የእነዚህ ሰዎች ዕጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ካርታ ስትስሉ እነሱንም አስገቧቸው።

ፌስቡክ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ሂዱ። የ1981ን፣ የ1982ን፣ የ1983ን «አዲስ ዘመን» አውጡልን በሉ። ጋዜጣው የመንግሥት ስለነበር ያልጻፈው ብዙ ነው፤ የጻፈውንም ቢሆን ሁሉን አትመኑ። ግን ሰው በየዕለቱ ምን እየሰማ እንደኖረ ይነግራችኋል። ያን ጊዜ ማንም መጨረሻውን አያውቅም ነበር፤ እናንተ ግን አውቃችሁ ነው የምታነቡት።

እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከእናንተ ጊዜ ያለው ይሥራበት። በ1982 መግቢያ የደርግና የሻዕቢያ ልዑካን ጂሚ ካርተር ዘንድ አትላንታ ተቀመጡ፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ናይሮቢ። በዚያው ሰሞን ከሕወሓት ጋር ሮም ላይ ንግግር ነበር። ሦስቱም የትም አልደረሱም። ከእነዚህ ጠረጴዛዎች አንዱ እንኳ እንዲሠራ ከተፈለገ ማን ምን መተው ነበረበት? ሁለቱንም ወገን ይዛችሁ ጻፉልኝ። የምትጠጡበት ካፌ አጠገብ ነው የምቀመጠው፤ «ጋሼ» ብላችሁ ጥሩኝ።